የፓኬጅ ፊቸርና ገደብ በዌብ አፕ ውስጥ፦ ከ«ሙሉ ፓኬጅ ነው ወይ?» ወደ «ተፈቅዶለታል ወይ?»

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ፒያሳ ቢሮ ያላችሁ አራት ሰዎች ናችሁ። ለግል ክሊኒኮች የቀጠሮና የካርድ ሲስተም በላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) እና በፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) ሠርታችሁ በወር ክፍያ ታከራያላችሁ። ሦስት ፓኬጅ አላችሁ። መነሻ በ1,200 ብር 3 ተጠቃሚና 500 ኤስኤምኤስ፣ መካከለኛ በ3,000 ብር 10 ተጠቃሚና 2,000 ኤስኤምኤስ፣ ሙሉ በ6,500 ብር ያልተገደበ ተጠቃሚ፣ 6,000 ኤስኤምኤስና የላብራቶሪ ሪፖርት። ኮዱ ውስጥ «ፓኬጁ ሙሉ ከሆነ» የሚል ኢፍ (የሁኔታ ፍተሻ) ከ60 በላይ ቦታ ተበትኗል። ካዛንቺስ ያለ አንድ ክሊኒክ የ500 ገደብ ይዞ 540 መልእክት ልኳል። ሌላው ከመካከለኛ ወደ መነሻ ሲወርድ 7 ተጠቃሚ እንደያዘ ቀርቷል። ከየት እንጀምር ብላችኋል።

ከኢፎቹ ጀምሩ። የ540ው መልእክትም ሆነ የ7ቱ ተጠቃሚ ጉዳይ የሚመዘዘው ከዚያው ነው፤ ሲስተማችሁ የሚያውቀው ደንበኛው የገዛውን ፓኬጅ ስም ነው፣ ምን እንደተፈቀደለት ግን አያውቅም።

የፓኬጅ ስም የሽያጭ ሰዎች ንብረት ነው። ዋጋ ይለወጣል፣ ለእንቁጣጣሽ ቅናሽ ይወጣል፣ ሜክሲኮና ስታዲየም ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ክሊኒክ ድርድር ይገባና «መካከለኛው ይበቃናል፣ የላብራቶሪ ሪፖርቱን ብቻ ጨምሩልን» ይላል። ስሙ ኮዱ ውስጥ ከተጻፈ እንዲህ ያለው ስምምነት ሁሉ አዲስ ኢፍ ይወልዳል። አራተኛ ፓኬጅ ያመጣችሁ ቀን ደግሞ 60ውንም ቦታ መዞር አለባችሁ፤ 58ቱን ታርማላችሁ፣ የቀሩትን ሁለቱን ደንበኛ ያገኛቸዋል። ኮዱ መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ክሊኒክ የላብራቶሪ ሪፖርት ተፈቅዶለታል ወይ? ስንት ተጠቃሚ ተፈቅዶለታል? መልሱ ከየትኛው ፓኬጅ እንደመጣ፣ በድርድር ይሁን በሙከራ ጊዜ፣ ጠያቂው ኮድ አያገባውም።

በነገራችን ላይ «መካከለኛ» የሚለውን ስም እንደገና አስቡበት። ክሊኒኮች በፈቃዳቸው ደረጃ «መካከለኛ ክሊኒክ» መባልን ስለለመዱ፣ «መካከለኛ ይህን አይፈቅድም» የሚል መልእክት ስክሪን ላይ ሲያዩ የፈቃዳቸው ጉዳይ ሊመስላቸው ይችላል።

ዳታቤዙን እንዲህ አድርጉት። ፓኬጅ የሚባለው ቴብል ስምና ለሽያጭ ክፍት መሆን አለመሆኑን ብቻ ይይዛል። ከሱ ሥር የፓኬጅ እትም ይኑር፤ ዋጋው ያለው እዚያ ነው፣ አንዴ የተሸጠ እትም ደግሞ አይታረምም። ፊቸር የሚባለው ቴብል ለእያንዳንዱ ፊቸር ቋሚ አጭር ስምና ዓይነት ይይዛል። ዓይነቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ያለ ወይም የሌለ ብቻ የሆነ እንደ ላብራቶሪ ሪፖርት፣ በአንድ ጊዜ ስንት ይኑር የሚባል እንደ ተጠቃሚ፣ በየወሩ የሚበላና እንደገና የሚሞላ እንደ ኤስኤምኤስ። እነዚህን ሦስቱን አትቀላቅሉ፤ አፈታተሻቸው ፍጹም የተለያየ ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። እትሙንና ፊቸሩን የሚያገናኘው ቴብል የተፈቀደውን መጠን ይይዛል፤ 3፣ 10፣ 500። ሰብስክሪፕሽን ክሊኒኩን ከአንድ እትም ጋር ያገናኛል፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ጊዜ አለው። የመጨረሻው ልዩ ፈቃድ ነው፦ ለየትኛው ክሊኒክ፣ የትኛው ፊቸር፣ ስንት፣ እስከ መቼ፣ ለምን፣ ማን ፈቀደ። የማብቂያ ቀኑ ባዶ እንዳይቀር ዳታቤዙ ራሱ ያስገድድ። «ለጊዜው» ተብሎ የተሰጠ ልዩ ፈቃድ ቀን ከሌለው ማንም አያነሳውም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለምን እንደተሰጠ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

እትም ያስፈለገው ዋጋ ወይም ገደብ ስትቀይሩ ነው። መነሻን ከ500 ወደ 300 ኤስኤምኤስ ብታወርዱ፣ ባለፈው ወር 500 ተብሎ የከፈለው ሰው እስከ ኮንትራቱ ማብቂያ 500 ይገባዋል። አዲስ እትም ትፈጥራላችሁ፣ አዲሱ ደንበኛ እሱን ይገዛል፣ የድሮው በድሮው ይቆያል። ቁጥሩን እዚያው መስመር ላይ ካረማችሁት ግን የሁሉንም ደንበኛ ውል በአንድ አፕዴት ቀየራችሁ ማለት ነው፤ ቀድሞ ምን እንደነበረም ማስረጃ አይኖራችሁም።

«ያልተገደበ» የሚለውን እንዴት እንደምታስቀምጡ አሁኑኑ ወስኑ። ብዙ ሰው ሲቀነስ 1 ያስቀምጣል። ከዚያ አንድ ፕሮግራመር «የተጠቀመው ከገደቡ ካነሰ ፍቀድ» ብሎ ይጽፋል፤ ዜሮ ከሲቀነስ 1 ስለማያንስ 6,500 ብር የከፈለው ደንበኛ አንድ ተጠቃሚ እንኳ መጨመር ያቅተዋል። 999999 የሚያስቀምጡም አሉ፤ እሱ ደግሞ ስክሪን ላይ «ከ999999 12 ተጠቅመዋል» ብሎ ይወጣል። ያልተገደበ መሆኑን የሚናገር የራሱ የአዎ ወይም አይደለም ኮለም ስጡት፣ ቁጥሩን ነል (ባዶ) አድርጉት፣ ሁለቱ እንዳይጋጩ ቼክ ኮንስትሬይንት (ዳታቤዙ ራሱ የሚያስከብረው ደንብ) አስቀምጡ። ነልን ብቻውን «ያልተገደበ» ማለት አደጋ አለው፦ መስመሩ ጭራሽ ያልገባ ፊቸርም ነል ሆኖ ይነበባል፣ ረስታችሁት የቀረው ፊቸር ለሁሉም ያልተገደበ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ክላስ አንድ ብቻ ይሁን። ቅደም ተከተሉ፦ ጊዜው ያላለፈ ልዩ ፈቃድ ካለ እሱ፣ ከሌለ የሰብስክሪፕሽኑ እትም የያዘው መጠን፣ እዚያም ከሌለ አልተፈቀደም። ሌላው ኮድ ሁሉ፣ ኮንትሮለርም (የተጠቃሚውን ጥያቄ የሚቀበለው ኮድ) ሆነ ማታ በራሱ የሚሠራው ጆብ፣ በዚህ በር ብቻ ይግባ። መልሱን ለ60 ሰከንድ ያህል ካሽ ማድረግ (ለጊዜው አስቀምጦ ደግሞ መጠቀም) ይቻላል፣ ክፍያ ሲገባ ወይም ልዩ ፈቃድ ሲሰጥ ካሹ ወዲያው ይሰረዝ። ካሽ የሚደረገው ግን የተፈቀደው ነው። የተጠቀመውን ቁጥር ፈጽሞ ካሽ አታድርጉ።

ፍተሻው ሰርቨር ላይ ነው። ቁልፉን ከስክሪን መደበቅ ለደንበኛው ምቾት ነው፣ ጥበቃ አይደለም፤ ኤፒአዩን (ፕሮግራሞች ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገሩበትን በር) በቀጥታ የሚጠራ ሰው ቁልፉን አያስፈልገውም። የሰብስክሪፕሽን ክፍያ የሚያስተዳድረው የላራቬል ካሺየርም ብዙ አይረዳችሁም፦ የተሠራው የውጭ ክፍያ ድርጅቶች ለሆኑት ለስትራይፕና ለፓድል ነው፣ ስትራይፕ ደግሞ ለኢትዮጵያ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። ሌላውን የላራቬል መሣሪያ፣ ፔናንትን፣ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። እሱ ያልተጠናቀቀ ኮድ ለጥቂት ሰው ከፍቶ ለመሞከር ነው፣ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚጠፋ ማብሪያ ነው፤ የተሸጠ መብት ግን ውል ነው፣ ታሪኩ መቀመጥ አለበት።

አሁን ወደ 540ው መልእክት። ሁለት ሪሴፕሽኒስት ባንዴ «ላክ» ስለተጫኑ አንድ ወይም ሁለት ሊበልጥ ይችላል፣ 40 ግን አይበልጥም። 40 ሲበልጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማታ የነገን ቀጠሮ አስታዋሽ የሚልከው ጆብ ነው፦ ከሉፑ (መልእክቶቹን አንድ በአንድ ከሚልከው ዙር) በፊት አንዴ «ስንት ቀረው?» ብሎ ይጠይቃል፣ «ገና አለው» ይባላል፣ ከዚያ የተሰለፉትን ሁሉ ይልካል። 495 ላይ ገብቶ 45 ቢልክ 540 ነው። ፍተሻው ከሉፑ ውጭ ከሆነ ያገኛችሁት እሱን ነው።

ወደ ሉፑ ውስጥ ማስገባቱ ግን ብቻውን አይበቃም። «ቁጥሩን አንብብ፣ ከገደቡ ካነሰ ላክ፣ ከዚያ አንድ ጨምር» የሚለው አካሄድ ሦስት እርምጃ ነው። 499 ላይ ሁለት ወርከር (ጆብ የሚያስኬዱ ፕሮሰሶች) ባንድ ጊዜ ያነባሉ፣ ሁለቱም 499 ያያሉ፣ ሁለቱም ይልካሉ። ሦስቱን እርምጃ አንድ አድርጉት፦ በአንድ አፕዴት «የተጠቀመውን በዚህን ያህል ጨምር፣ ጨምረህ ከገደቡ የማያልፍ ከሆነ ብቻ» በሉ፣ ከዚያ ስንት መስመር እንደተነካ ተመልከቱ። አንድ ከተነካ ፈቃድ አገኛችሁ፤ ዜሮ ከሆነ ገደቡ ሞልቷል። ፖስትግሬስ ሁለተኛውን አፕዴት የመጀመሪያው እስኪጨርስ ያስጠብቀዋል፣ ከዚያ ሁኔታውን በአዲሱ ቁጥር ላይ እንደገና ይፈትሻል። ሬዲስን የመሰለ ተጨማሪ ሲስተምም ሆነ ሌላ መቆለፊያ ሳትጨምሩ ችግሩ ያልቃል።

ቅደም ተከተሉም ይለወጥ። መጀመሪያ ቁጥሩን ያዙ፣ ከዚያ ላኩ፣ ላኪው ድርጅት በግልጽ «አልተላከም» ካለ መልሱለት። ኔትወርክ ተቋርጦ መልስ ካልመጣ ግን አትመልሱ፤ መልእክቱ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ የመድረሻ ሪፖርቱን ጠብቁ። ኪው (የጆቦቹ ወረፋ) ሥራውን ደግሞ ሲሞክር ያንኑ አስታዋሽ ሁለቴ እንዳይቆጥር ለያንዳንዱ መልእክት የማይደገም ቁልፍ ይኑረው፤ የቀጠሮው ቁጥርና የአስታዋሹ ተራ አንድ ላይ ይበቃሉ። ያ ቁልፍ ዩኒክ ሆኖ በአጠቃቀም መዝገቡ ላይ ይግባ። መዝገቡ ለክርክርም ይጠቅማል፦ ደንበኛው «እኔ 500 አልላክሁም» ሲል ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ታሳዩታላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፤ ከገንዘብ አንጻር ከሁሉም የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። «500 ኤስኤምኤስ» ስትሉ ምን እየቆጠራችሁ ነው? በላቲን ፊደል የተጻፈ መልእክት እስከ 160 ፊደል አንድ ነው። አማርኛ ሲሆን ግን ኢንኮዲንጉ ይቀየርና አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ከ70 ካለፈ ደግሞ ተቆራርጦ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መካከል አንድ የአማርኛ ፊደል ብትገባ መላው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። ይህን አስታዋሽ ተመልከቱ፦

«ነገ ሐሙስ ከጠዋቱ 3:30 የጥርስ ቀጠሮ አለዎት። ካልተመቸዎት እስከ ዛሬ 11 ሰዓት ድረስ ይደውሉልን።»

ክፍተቱንና አራት ነጥቡን ጨምሮ 65 ፊደል ነው፣ አንድ መልእክት ነው። የታካሚውን ስም ከፊቱ ስትጨምሩ ስሙ ከነክፍተቱ 6 ፊደል ከሆነ 71 ይደርስና ሁለት ይሆናል። አጭር ስም ያለው ታካሚ አንድ፣ ረጅም ስም ያለው ሁለት ያስቆጥራል ማለት ነው። እናንተ በታካሚ አንድ ስትቆጥሩ ላኪው ድርጅት በክፍል ካስከፈላችሁ፣ 500 የሸጣችሁለት ክሊኒክ 1,000 ያስወጣችኋል። ስለዚህ የሚቆጠረው ክፍል ይሁን፣ በውሉም በስክሪኑም ይጻፍ፣ አስታዋሹን የሚያርመው ሰው ፊት «ይህ መልእክት 2 ይቆጠራል» የሚል ቁጥር እየጻፈ ሳለ ይታየው። የአስታዋሹን ጽሑፍ ማሳጠር ለደንበኛው ትልቅ ቁጠባ ነው፤ ይህን ብትነግሩት ያመሰግናችኋል።

ርዝመቱን በፒኤችፒ ስትለኩ ስትርሌን አትጠቀሙ። እሱ የሚቆጥረው ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ከላይ ያለውን 65 ፊደል 157 ይለዋል፣ በ67 ስታካፍሉት ሦስት ክፍል ይሆንባችኋል። ኤምቢ ስትርሌን ትክክለኛውን ይሰጣል። ኢሞጂ ካለ ግን እያንዳንዱ ቢያንስ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር፣ አስታዋሽ ውስጥ ኢሞጂ ባታስገቡ ይሻላል።

የወር ቁጥሩን ዜሮ የሚያደርግ የሌሊት ጆብ ካላችሁ አስወግዱት። መብራት ወይም ሰርቨር በዚያች ደቂቃ ከጠፋ ማንም አይሞላለትም፣ ሁለቴ ከሠራ ደግሞ የተጠቀሙት ይሰረዛል። የቆጣሪው መስመር በክሊኒክ፣ በፊቸርና በወሩ መነሻ ቀን ዩኒክ ይሁን። አዲስ ወር ሲገባ የመጀመሪያው ተጠቃሚ አዲስ መስመር ይፈጥራል፣ ካለም ያለውን ይጠቀማል፤ የድሮው ለታሪክ ይቀራል። በመስመሩ ላይ የሚቀመጠው የተጠቀመው ነው፤ የቀረውን አታስቀምጡ። የቀረውን ካስቀመጣችሁ ደንበኛው በወሩ አጋማሽ ፓኬጅ ሲያሳድግ ሂሳቡን በእጅ ማስተካከል ይመጣል፤ የተጠቀመው ብቻ ካለ ግን 480 የተጠቀመ ሰው ወደ 2,000 ሲያድግ 1,520 እንደቀረው በራሱ ይወጣል።

የወሩ ድንበር የት ነው? ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የሚሠራ ተረኛ «ዛሬ አዲስ ወር ነው፣ ለምን አልሞላም?» ቢል ትክክል ነው። ጊዜውን በዩቲሲ አስቀምጡ፣ ድንበሩን ግን በአዲስ አበባ ሰዓት አስሉ። ወሩ የማን ወር እንደሆነም ውሉ ይናገር። በፈረንጅ ወር ከሄዳችሁ ጃንዋሪ 31 የጀመረ ደንበኛ በፌብሩዋሪ ወደ 28 ይወርድና ብዙ ሲስተም ከዚያ በኋላ 28 ላይ ያስቀረዋል፤ የመጀመሪያውን ቀን፣ ማለትም 31ን፣ ለብቻው መዝግቡና ሁሌ ከሱ ተነሱ። በእኛ ወር ከሄዳችሁ 30 ቀኑ እኩል ስለሆነ ይህ ራስ ምታት የለም፣ ጳጉሜን ግን አለች። ለብቻዋ ወር ካደረጋችኋት ደንበኛው ለ5 ቀን ሙሉ ሂሳብ ይመጣበታል። ነሐሴ ላይ አያይዟት፤ የነሐሴ ክፍያ እስከ መስከረም 1 ይዘልቃል፣ በ2019 እንደሚሆነው 6 ቀን ስትሆንም እንደዚያው። እኔ ብመርጥ የእኛን ወር ነው የምመርጠው፤ ክሊኒኩ ደመወዝና ኪራይ የሚከፍለው በሱ ነው፣ ሂሳብ ሠራተኛውም የሚዘጋው በሱ ነው።

ተጠቃሚን መገደብ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። እዚህ ቆጣሪ አያስፈልግም፣ በቀጥታ ቁጠሩ። ቆጣሪ ሲኖር አንድ ሰው ሲሰረዝ መቀነስ ይረሳል፣ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ከእውነቱ ይርቃል። በአንድ ትራንዛክሽን የክሊኒኩን መስመር በሎክ ፎር አፕዴት ያዙ፣ ያሉትን ቁጠሩ፣ ከገደቡ ካነሰ ጨምሩ፣ ልቀቁ። ማን እንደሚቆጠር ግን አስቀድሞ ይወሰን። ግብዣ ተልኮለት ገና ያልተቀበለ ሰው ይቆጠራል፤ ካልተቆጠረ 3 ቦታ ላይ 10 ግብዣ ተልኮ ሁሉም ይቀበላሉ። የታገደ ሰው አይቆጠርም። ቀን መንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ ሁለት የግል ክሊኒክ የሚሠራ ሐኪም በአዲስ አበባ የተለመደ ነው፦ ሁለቱ ክሊኒኮች የተለያዩ ደንበኞቻችሁ ከሆኑ በሁለቱም ይቆጠራል፣ የአንድ ድርጅት ሁለት ቅርንጫፍ ከሆኑ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው የአባልነት መስመር ነው፣ ኢሜይሉ ወይም ስልኩ አይደለም። ገደቡ በርካሽ ፓኬጅ ላይ 3 ብቻ ሲሆን ሌላም ነገር ይከሰታል፦ ካርድ ክፍሉ፣ ነርሷና ሐኪሙ በአንድ ፓስዎርድ ይገባሉ፣ ማን ምን እንደጻፈ አይታወቅም። ለሕክምና መዝገብ ይህ አደገኛ ስለሆነ፣ ከተጠቃሚ ቁጥር ይልቅ በቅርንጫፍ ብታስከፍሉ እመርጣለሁ።

ፓኬጅ ሲወርድ የ7ቱን ሰዎች ነገር እንዲህ ጨርሱት። መውረዱ ወዲያው አይፈጸም፤ የከፈለበት ጊዜ ሲያልቅ ይፈጸም፣ እስከዚያ ባለቤቱ ከ7ቱ የትኞቹ 3ቱ እንደሚቀሩ ይምረጥ። ቀኑ ከደረሰ አዲስ ሰው መጨመር ይዘጋል። 14 ቀን እፎይታ ስጡ። ያን ጊዜም ካልመረጠ ባለቤቱና በቅርብ ጊዜ ሲስተሙን የተጠቀሙት ሁለቱ ይቀራሉ፣ አራቱ ይታገዳሉ፣ አይሰረዙም። የታገደው ሐኪም የጻፈው ካርድ ላይ ስሙ እንዳለ ይቀመጣል። ፓኬጁ ዳግም ሲያድግ አራቱም በአንድ ቁልፍ ይመለሳሉ።

ገደብ አዲስ ነገርን ያቆማል፣ ያለውን አይወስድም። ይህን በተለይ በክሊኒክ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ። ክፍያው ቢያልፍም የታካሚ ካርድ መነበብና ኤክስፖርት መደረግ አለበት፤ የአለርጂ ታሪኩ ያልታየ ታካሚ ሊጎዳ ይችላል። የታካሚ ቁጥር የሚገድብ ፓኬጅ ለማውጣት ካሰባችሁም ገደቡ ላይ ሲደርስ ካርድ ማውጣቱን አትከልክሉ፤ አሳልፉት፣ ለባለቤቱ አሳውቁ፣ በሚቀጥለው ክፍያ ተነጋገሩ። አስታዋሽ መልእክት ግን ሲሞላ ቢቆም ማንም አይጎዳም፤ እሱን በጥብቅ አቁሙ።

ክፍያው ላይ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ደንበኛችሁ በአብዛኛው በቴሌብር፣ በቻፓ ወይም በባንክ ዝውውር ራሱ ገብቶ የሚከፍል ነው፣ ከካርዱ በየወሩ በራሱ የሚቆረጥበት አይደለም። ስለዚህ ሰብስክሪፕሽኑን እንደ ቅድመ ክፍያ አስቡት። «ንቁ»፣ «እፎይታ ላይ»፣ «ለንባብ ብቻ» የሚሉትን ሁኔታዎች በኮለም አታስቀምጡ፣ ከማብቂያ ቀኑ አስሉ፤ ሁኔታውን የሚቀይር ጆብ ከሌለ ጆቡ አልሠራም የሚባል ችግርም የለም። 7 ቀን እፎይታ ይበቃል፣ ባንክ በበዓል ስለሚዘጋ ከዚያ አታሳንሱት። አስቀድሞ የከፈለ ሰው ቀኑ አይቃጠልበት፦ ጊዜው ሳያልቅ ወይም እፎይታ ላይ ሳለ ከከፈለ ከድሮው ማብቂያ ቀጥሉለት፣ ከተዘጋ በኋላ ከከፈለ ከከፈለበት ቀን ጀምሩ።

ዌብሁክ (ክፍያ ሲፈጸም የክፍያ ድርጅቱ ለሰርቨራችሁ የሚልከው ማሳወቂያ) ሁለቴ ሊመጣ፣ ዘግይቶ ሊመጣ፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። የግብይት ማመሳከሪያ ቁጥሩን ዩኒክ አድርጉ፣ ዌብሁኩ ያለውን ብቻ አትመኑ፣ በማመሳከሪያው መልሳችሁ አረጋግጡ፣ መጠኑንም አመሳክሩ። ድርጅት ሲከፍል ዊዝሆልዲንግ ታክስ ቀንሶ ሊከፍል ይችላል፤ «መጠኑ ልክ ካልሆነ ውድቅ» የሚል ኮድ የከፈለውን ሰው ይዘጋበታል። የተቆረጠውን ከደረሰኙ ጋር የሚመዘግብ የራሱ ቦታ አዘጋጁ። በወሩ መካከል ሲያድግ ደግሞ በቀሪው ቀን አስሉ፦ መነሻ ላይ 12 ቀን ከቀረው 480 ብር ይታሰብለታል፣ የመካከለኛው 12 ቀን 1,200 ብር ነው፣ ልዩነቱ 720፣ በ15 በመቶ ቫት 108 ተጨምሮ 828 ብር። ገንዘቡን ሁሉ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ፤ በፍሎት (በአስርዮሽ ቁጥር) ካስቀመጣችሁ ደረሰኙና ሂሳቡ በሳንቲም ይለያያሉ።

ኤፒአዩ የሚመልሰው ኮድም ይለይ። ፊቸሩ በፓኬጁ ከሌለ 403 ይበቃል። 402 ለክፍያ የታሰበ ቢመስልም በኤችቲቲፒ መስፈርቱ ለወደፊት የተያዘ ስለሆነ ሁሉም በየራሱ ይተረጉመዋል። 429 በአጭር ጊዜ ብዙ ጥያቄ ለላከ ሰው ነው፤ የወር ኤስኤምኤስ ስላለቀ 429 ከመለሳችሁ፣ ጥሪ የሚልከው ፕሮግራም ትንሽ ቆይቶ ደጋግሞ ይሞክራል። ከኮዱ ጋር የፊቸሩን አጭር ስም፣ ገደቡን፣ የተጠቀመውንና የሚታደስበትን ቀን መልሱ። ስክሪኑ ላይ ለሪሴፕሽኒስቷ «የዚህ ወር 500 መልእክት አልቋል፣ ሐምሌ 1 ይታደሳል፣ ለባለቤቱ አሳውቁ» በሏት፤ «ፓኬጅ ያሳድጉ» የሚለው ቁልፍ ለባለቤቱ ብቻ ይታይ፣ እሷ መግዛት አትችልም። 80 በመቶ ሲደርስ ለባለቤቱ መልእክት ይሂድ።

የድሮዎቹን 60 ኢፎች ባንድ ቀን አትንቀሉ። መጀመሪያ ዘርዝሯቸው፣ እያንዳንዱ በእውነት የሚጠይቀው የቱን ፊቸር እንደሆነ ከጎኑ ጻፉ፤ 60ው ወደ 10 ወይም 12 ፊቸር ይሰበሰባል። አዲሱን ክላስ ሠርታችሁ ከኢፉ ጎን አስቀምጡት፦ ውሳኔው ለጊዜው በድሮው ይሁን፣ አዲሱ ግን እየተጠየቀ መልሳቸው ሲለያይ ሎግ ይጻፍ። ሁለት ሳምንት፣ የወር መለወጫ አንዴ እንዲያልፍበት አድርጋችሁ ተዉት። ልዩነቶቹ በሙሉ እስኪገለጹ አትለፉ፤ ከነሱ አብዛኞቹ ማንም ያልመዘገባቸው የቃል ስምምነቶች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፣ ወደ ልዩ ፈቃድ ቴብል ይገባሉ። ከዚያ ፊቸር በፊቸር አዙሩ፣ ላብራቶሪ ሪፖርቱን መጀመሪያ፣ ኤስኤምኤሱን መጨረሻ። ኤስኤምኤሱን ከማዞራችሁ በፊት አንድ ቴስት ይለፍ፦ ቆጣሪው 499 ላይ ሳለ፣ ገደቡ 500 ሆኖ፣ 20 ጥያቄ ባንድ ጊዜ ይላክ። አንድ ብቻ ማለፍ አለበት፣ ቆጣሪው 500 ላይ መቆም አለበት፣ መዝገቡ ላይም አንድ አዲስ መስመር ብቻ መኖር አለበት። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ በተራ የሚላኩ 20 ጥያቄዎች ይህን አያሳዩም፤ እውነተኛ የተለያዩ ኮኔክሽኖች ያስፈልጋሉ።